ዲክታተር፦ የቃሉ ምንጭና ትርጉም (ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች)

ይህ ገጽ «ዲክታተር» የሚለው የላቲን ቃል ከየት እንደ ተነሣ፣ በጥንቷ ሮማ ምን ዓይነት ሹመት እንደ ነበረና ዛሬ ወደሚታወቅበት ትርጉም እንዴት እንደ ደረሰ ለሚጠይቁ አንባቢዎች የተዘጋጀ ነው። ከክርስቶስ ልደት በፊት ያሉት ዓመታት «ከክ.ል.በ.» ተብለው ተጽፈዋል፤ የቀሩት በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ቃሉ ከመጀመሪያው ክፉ ትርጉም ነበረው?

አልነበረውም። ዲክታተር በሮማ ሪፐብሊክ አገር ጭንቅ ውስጥ ስትገባ ለአጭር ጊዜ የሚሾም፣ የተሾመበት ጉዳይ ሲፈጸም ሥልጣኑን አስረክቦ ወደ ቤቱ የሚመለስ ሕጋዊ ባለሥልጣን ነበር። የሮማውያን ትውፊት የሹመቱን መጀመሪያ ወደ 501 ከክ.ል.በ. ገደማ ይወስደዋል፤ የመጀመሪያው ተሿሚ ተብሎ በብዛት የሚጠቀሰውም ቲቶስ ላርክዮስ ነው። ከዚያ ጀምሮ እስከ 202 ከክ.ል.በ. ድረስ ብዙ ሰዎች፣ አንዳንዶቹም ከአንድ ጊዜ በላይ፣ በዚህ ስም ተጠርተዋል። በታላላቆቹ ቤተሰቦች ዘንድም ከአያት ቅድመ አያት ዲክታተር የነበረ ሰው መቁጠር የሚያኮራ እንጂ የሚያሸማቅቅ ነገር አልነበረም።

ከየትኛው ግሥ ነው የወጣው?

በላቲን «ዲኬሬ» መናገር ማለት ነው። ከእርሱ የወጣው «ዲክታሬ» ደግሞ ደጋግሞ መናገርን፣ ሌላው እንዲጽፍ ቃል እየሰጡ ማስጻፍን፣ ከዚያም አልፎ «እንዲህ ይደረግ» ብሎ ማዘዝን ያመለክታል። ዲክታተር በአፈጣጠሩ የዚህ የሁለተኛው ግሥ አድራጊ ነው፤ ተናግሮ የሚያስጽፍ፣ ተናግሮ የሚያስፈጽም። ተማሪዎች በክፍል ውስጥ የሚጽፉት ቃለ ጽሕፈት በብዙ የአውሮፓ ቋንቋዎች «ዲክቴሽን» ወይም ይህንኑ በሚመስል ስም መጠራቱ ሥሩ አንድ ስለ ሆነ ነው።

ሮማውያን ራሳቸው ግን ሌላ ማብራሪያም ነበራቸው። በ1ኛው መቶ ዓመት ከክ.ል.በ. የኖሩት ሮማውያን ጸሐፊዎች ኪኬሮና ቫሮ ስሙን ያያያዙት ሰውዬው ከሚናገረው ጋር ሳይሆን ስለ እርሱ ከሚነገረው ጋር ነው፤ ቆንሲሉ፣ ማለትም በየዓመቱ ከሚሾሙት ሁለት የሮማ ገዥዎች አንዱ፣ ስሙን ጠርቶ «እገሌ ነው» ስለሚል ዲክታተር ተባለ ይላሉ። ቫሮ በዚህ ላይ ሁሉም ቃሉን ሰምቶ የሚታዘዝለት መሆኑን ይጨምራል። በሰዋስው ዓይን ሲታይ የቃሉ መድረሻ አድራጊውን እንጂ ተደራጊውን ስለማያመለክት፣ የመጀመሪያው ማብራሪያ ይበልጥ ያስኬዳል። የኪኬሮ ማብራሪያ ግን በሰዋስው ቢሸነፍም በታሪክ የሚጠቅም ነጥብ ይዟል፤ ዲክታተር ራሱን በራሱ የሚሾም ሰው አልነበረም፣ ሹመቱ የሚወጣው ከሌላ ሰው አፍ ነበር።

ለዚህ ሹመት የቆየ ሌላ ስምም ነበረው፤ «ማጊስተር ፖፑሊ» ይባል ነበር፣ ይህም በቀጥታው የሕዝብ አለቃ ማለት ሲሆን፣ ሕዝብ የተባለው በዚያ ጥንታዊ አገላለጽ መሣሪያ የያዘው እግረኛ ሠራዊት እንደ ሆነ ይታሰባል። ዲክታተሩ ወዲያው የሚመርጠው ምክትሉ «የፈረሰኞች አለቃ» መባሉ ይህን አስተሳሰብ ያጠናክረዋል።

ንጉሡን ያባረረ ሕዝብ ስለ ምን እንዲህ ያለ ሹመት አስፈለገው?

በሮማውያን ትውፊት የመጨረሻው ንጉሥ ታርኲንዮስ የተባረረው በ509 ከክ.ል.በ. ነው። ከዚያ በኋላ በንጉሡ ቦታ የተተኩት ሁለት ቆንሲሎች ሲሆኑ፣ ሁለቱም እኩል ሥልጣን ነበራቸው፤ ዘመናቸውም አንድ ዓመት ብቻ ነበር፤ አንዱ ያዘዘውን ሌላው ሊያግደው ይችል ነበር። አንድ ሰው ብቻውን እንዳይነግሥ የታሰበ ጥሩ ዘዴ ነው። ችግሩ የሚመጣው ጠላት ከበር ሲደርስ ነው፤ ሁለት እኩል አዛዦች ያሉት ሠራዊት ሁለቱ ካልተስማሙ ባለበት ይቆማል። ስለዚህ ሮማውያን የንጉሥን ሥልጣን የሚያህል ሥልጣን ለአንድ ሰው ለአጭር ጊዜ አውሰው መልሰው የሚቀበሉበትን መንገድ አበጁ። ቆንሲሎቹ በዚህ ጊዜ አይሻሩም፤ በሥራቸው ይቀጥላሉ፣ ነገር ግን ለዲክታተሩ ይታዘዛሉ።

ዲክታተርን ማን ይሾመው ነበር?

የሚሾመው ከቆንሲሎቹ አንዱ ነው። የሕግ መወሰኛው ምክር ቤት፣ ማለትም ሴናቱ፣ ዲክታተር እንዲሾም ይመክራል፣ ብዙ ጊዜም ማን ቢሆን እንደሚሻል ይጠቁማል፤ ስሙን የሚጠራው ግን ቆንሲሉ ነው፤ ይህንንም የሚፈጽመው በልማድ በሌሊት፣ ድምፅ በማይሰማበት ሰዓት ነው። በተለመደው አሠራር ሕዝቡ በዚህ ምርጫ ላይ ድምፅ አይሰጥም ነበር።

ይህ ሥርዓት ለቆንሲሉ ምን ያህል ነጻነት ይሰጠው እንደ ነበር የ249 ከክ.ል.በ. ታሪክ በደንብ ያሳያል። ቆንሲሉ ፑብልዮስ ክላውድዮስ በሲሲሊ አጠገብ በባሕር ላይ ክፉኛ ተሸንፎ ሲመለስ፣ ሴናቱ ዲክታተር እንዲሾም አዘዘው። እርሱም ተቆጥቶ ይሁን ንቆ፣ ክላውድዮስ ግሊክያ የተባለውን የራሱን ዝቅተኛ ተከታይ ሾመ። ሹመቱ ሕጋዊ ነበር፤ ግሊክያ ሥልጣኑን እንዲለቅ ተገደደ እንጂ ሹመቱ እንዳልነበረ አልተቆጠረም፣ ስሙም በባለሥልጣናቱ ዝርዝር ውስጥ ሰፍሮ ይገኛል። የሕጉ ጥብቅነትና የሰዎቹ ንዴት እንዲህ በአንድ ገጽ ላይ ጎን ለጎን የሚታይበት ቦታ በሮማ ታሪክ ውስጥ ብዙ አይገኝም።

ሥልጣኑ እስከ ምን ድረስ ይሄድ ነበር?

በጣም ሩቅ። ከቆንሲል ፊት ሊክቶር የሚባሉ 12 አጃቢዎች ሲሄዱ፣ ከዲክታተሩ ፊት የሚሄዱት 24 ነበሩ። እነዚህ አጃቢዎች በትከሻቸው ላይ የታሰረ የበትር ነዶ ይሸከማሉ፤ በነዶው ውስጥ መጥረቢያ ይሰካል። በትሩ መግረፍን፣ መጥረቢያው አንገት መቁረጥን ያመለክታል። ቆንሲሎች ወደ ከተማዪቱ ሲገቡ ዜጋው ይግባኝ የማለት መብት ስላለው መጥረቢያውን ከነዶው ያወጡ ነበር። የዲክታተሩ አጃቢዎች ግን መጥረቢያውን ሳያወጡ በከተማው መካከል ያልፉ ነበር፤ መንገድ ዳር የቆመው ሰው የሥልጣኑን ልክ ለማወቅ ያንን ብረት ማየቱ ይበቃው ነበር።

በ325 ከክ.ል.በ. የሆነው ነገር ይህን ሥልጣን በሥራ ላይ ያሳየናል። ዲክታተሩ ፓፒርዮስ ኩርሶር ከሳምናውያን ጋር በሚደረገው ጦርነት መካከል ለአንድ ሃይማኖታዊ ሥርዓት ወደ ሮማ ሲመለስ፣ የፈረሰኞች አለቃው ኲንቶስ ፋብዮስ እርሱ እስኪመለስ ድረስ ውጊያ እንዳይገጥም አዘዘው። ፋብዮስ ትእዛዙን ጥሶ ገጠመ፤ አሸነፈም። ፓፒርዮስ ተመልሶ ሲመጣ ድሉ አላበረደውም፤ ትእዛዝ የጣሰ ሰው ነውና ይገደል አለ። ፋብዮስ በሌሊት ወደ ሮማ ሸሸ፤ ራሱ ዲክታተር የነበረው ሽማግሌ አባቱም ጉዳዩን ወደ ሕዝቡ ወሰደው። ሕዝቡና የሕዝቡ ጠበቆች የሆኑት ትሪቡኖች የዲክታተሩን ፍርድ ለመሻር አልደፈሩም፤ ያደረጉት ነገር ቢኖር መለመን ነው። ፓፒርዮስም ሥልጣኑ አለመነካቱን ካረጋገጠ በኋላ፣ ጥፋተኛነቱ እንደ ጸና ሆኖ ሕይወቱን ለሮማ ሕዝብ ልመና ሲል ማረለት። ይህን ታሪክ የጻፉት ሰዎች ከብዙ ዘመን በኋላ የኖሩ ስለ ሆኑ ንግግሮቹን ሁሉ እንዳለ መቀበል አይገባም፤ ሮማውያን ዲክታተርነትን እንዴት ይረዱት እንደ ነበር ግን ከዚህ የተሻለ የሚያስረዳ የለም።

ታዲያ ገደቡ ምን ነበር?

ጊዜ ነው። ዲክታተር ከስድስት ወር በላይ በሥልጣን ላይ መቆየት አይችልም፤ ሥራው በአሥር ቀን ካለቀ በአሥር ቀን እንዲለቅ ይጠበቅበታል። ሌሎች ትናንሽ ገደቦችም ነበሩ፤ ለምሳሌ ያለ ልዩ ፈቃድ ፈረስ ላይ መቀመጥ አይፈቀድለትም ነበር፤ በ217 ከክ.ል.በ. ከካርታጎው የጦር አለቃ ከሃኒባል ጋር በተደረገው ጦርነት ዘመን የተሾመው ፋብዮስ ማክሲሞስ ይህን ፈቃድ ከሴናቱ መጠየቅ ነበረበት። ከኢጣሊያ ውጭ ሠራዊት መምራትም የተለመደ አልነበረም። እነዚህ ግን የዋናው ገደብ ተከታዮች ናቸው። የሥልጣኑ ስፋት ሳይሆን የሚያልቅበት ቀን አስቀድሞ መታወቁ ነው የሮማን ዲክታተር ከዛሬው የሚለየው፤ ከዚህ በኋላ በቃሉ ላይ የደረሰው ለውጥ ሁሉ የሚመጣውም ይኸው ቀን ከመሰረዙ ነው።

ዲክታተር የሚሾመው ለጦርነት ብቻ ነበር?

አልነበረም። ቆንሲሎቹ በጦር ሜዳ ሳሉ ምርጫ የሚመራ ሰው ሲታጣ ለዚያ ብቻ ዲክታተር ይሾም ነበር፤ ሁከት ለማብረድም ይሾም ነበር። ከሁሉ የሚያስገርመው ግን ምስማር ለመምታት የሚሾመው ነው። በ363 ከክ.ል.በ. ወረርሽኝ ሮማን ሲያስጨንቃት፣ ቀደም ባለ ዘመን አንድ ዲክታተር በዩፒተር ቤተ መቅደስ ግድግዳ ላይ ምስማር ሲመታ በሽታው መቆሙን ሽማግሌዎች አስታወሱ፤ ስለዚህ ሉክዮስ ማንልዮስ ለዚሁ ሥራ ዲክታተር ተባለ። ማንልዮስ ምስማሩን መትቶ ከመልቀቅ ይልቅ፣ ሥልጣኑን ካገኘሁ አይቀር ብሎ ለጦርነት ወታደር መመልመል ጀመረ። ትሪቡኖቹ በአንድነት ተነሡበትና ለቀቀ፤ በኋላም ስለ አድራጎቱ ተከሰሰ። የተሾሙበትን ጉዳይ አልፎ መሄድ ገና በዚያ ዘመን የሚያስጠይቅ ነገር ነበር ማለት ነው።

ኪንኪናቶስ ማን ነው? ስለ ምንስ ሁልጊዜ ይጠቀሳል?

በእንግሊዝኛው አነባበብ ሲንሲናተስ የሚባለው ይህ ሰው የመልካም ዲክታተር ምሳሌ ተደርጎ የሚጠቀስ ሮማዊ ነው። በትውፊቱ መሠረት በ458 ከክ.ል.በ. የአንደኛው ቆንሲል ሠራዊት አልጊዶስ በተባለው ተራራ ላይ በኤኩያውያን ተከበበ። የሴናቱ መልእክተኞች ከቲቤር ወንዝ ማዶ ሄደው ኪንኪናቶስን በትንሽ እርሻው ላይ ሲሠራ አገኙት፤ ሚስቱ ራኪልያ ካባውን ከጎጆ አምጥታለት፣ ላቡን ጠርጎና ካባውን ለብሶ ከቆመ በኋላ ዲክታተር መሆኑን ነገሩት። ሠራዊቱን ከከበባ አወጣ፤ በ16ኛው ቀንም ሥልጣኑን አስረክቦ ወደ እርሻው ተመለሰ። ስድስቱን ወር ሙሉ መቆየት ይችል እንደ ነበር ልብ ይሏል። የታሪኩ ዝርዝር ምን ያህል እውነት እንደ ሆነ ማረጋገጥ ባይቻልም፣ ሮማውያን ለልጆቻቸው የሚነግሩት የዲክታተር መልክ ይህ ነበር።

የቃሉ ትርጉም መበላሸት የጀመረው መቼ ነው?

ከ202 ከክ.ል.በ. በኋላ ሹመቱ ለ120 ዓመት ያህል ተረስቶ ቆየ። ሮማ ኃያል እየሆነች ስትሄድ ጦርነቱ ከከተማዪቱ እየራቀ ስለ ሄደ የስድስት ወር አዛዥ ብዙም የሚጠቅም አልሆነም፤ ሴናቱም ለአንድ ሰው ያን ያህል ሥልጣን መስጠትን እየፈራ መጣ።

በ82 ከክ.ል.በ. ሉክዮስ ኮርኔልዮስ ሱላ የእርስ በርስ ጦርነት አሸንፎ ሮማን ሲቆጣጠር ያንን የተረሳ ስም ከመቃብር አወጣው። ሁለቱም ቆንሲሎች ሞተው ስለ ነበር ሹመቱ በሌላ መንገድ፣ በልዩ ሕግ ተፈጸመ፤ የተሰጠው ሥራም ሕግ ማውጣትና መንግሥቱን እንደ አዲስ ማደራጀት ሲሆን፣ የሚያልቅበት ቀን አልተጻፈለትም። ሱላ የጠላቶቹን ስም በአደባባይ እየለጠፈ ማንም ያገኘ ሰው እንዲገድላቸውና ዋጋ እንዲቀበል አደረገ፤ ንብረታቸውም ተወረሰ። በዝርዝሩ ላይ ስሙ የወጣ ሰው ልጆችም ከሹመት ተከለከሉ። ሆኖም ሱላ ሥራዬን ጨረስኩ ባለ ጊዜ በፈቃዱ ለቀቀ፤ በ78 ከክ.ል.በ. ከሥልጣን ውጭ ሳለ ሞተ።

ቀኑን እስከ ወዲያኛው የሰረዘው ዩልዮስ ቄሣር ነው፤ ያንንም ያደረገው በአንድ ጊዜ አይደለም። በ49 ከክ.ል.በ. ዲክታተር ሲሆን ምርጫ አስደርጎ በ11 ቀን ለቀቀ፤ ይህ ኪንኪናቶስን እንኳ የሚያስቀና ነው። በሚቀጥለው ዓመት እንደገና ተሾመ፣ አሁን ግን ስድስት ወር መሆኑ ቀረ። በ46 ከክ.ል.በ. የአሥር ዓመት ዲክታተርነት ተሰጠው። በ44 ከክ.ል.በ. መጀመሪያ ላይ ደግሞ ዘላለማዊ ዲክታተር ተባለ፤ ያን ጊዜ የተመቱት ሳንቲሞች በሕይወት ያለውን ቄሣር ፊት ይዘው ዙሪያውን «ቄሣር፣ ዘላለማዊ ዲክታተር» የሚል ጽሑፍ ነበራቸው፤ በሮማ ሳንቲም ላይ የሕያው ሰው ፊት ማውጣት ከዚያ በፊት ያልተለመደ ድፍረት ነበር። ከጥቂት ሳምንታት በኋላ፣ መጋቢት 15 ቀን፣ ሴናቱ በተሰበሰበበት ተወግቶ ሞተ።

ስለ ሱላ መልቀቅ ቄሣር ተናገረው ተብሎ የተላለፈልን አንድ ቀልድ አለ፤ ዲክታተርነቱን የተወ ሱላ ፊደል ያልቆጠረ ሰው ነው አለ ይባላል። በላቲን ዲክታተርነትና ቃለ ጽሕፈት ከአንድ ግሥ በመውጣታቸው፣ ቀልዱ «ቃል አስጽፎ የማያውቅ» የሚል ሁለተኛ መልእክትም ያዘለ ይመስላል። ቀልዱን የሰማው የሮማ ባለሥልጣን ብዙ የሳቀ አይመስለኝም።

ከቄሣር ሞት በኋላ ሹመቱ ምን ሆነ?

ቆንሲሉ ማርቆስ አንጦንዮስ በዚያው በ44 ከክ.ል.በ. ዲክታተርነትን በሕግ ሻረው። ይህም ሆኖ በ22 ከክ.ል.በ. የምግብ እጥረት በደረሰ ጊዜ ሕዝቡ አውግስጦስን ዲክታተር ሁንልን ብሎ አስጨነቀው፤ አውግስጦስ ተንበርክኮ ልብሱን ከደረቱ ላይ ቀዶ እንዲተዉት ለመነ ይባላል። ዲክታተር ያለውን ሥልጣን ሁሉ፣ ከዚያም በላይ፣ በሌሎች ስሞች ሰብስቦ ይዞት ነበርና ስሙ አላስፈለገውም። የቄሣር የቤተሰብ ስም ግን ወራሾቹ ሁሉ የሚጠሩበት ማዕርግ ሆነ፤ የጀርመኑ «ካይዘር» እና የሩሲያው «ጻር» ሁለቱም የዚያ ስም ልጆች ናቸው።

«ታይራንት»፣ «ዴስፖት» እና «አውቶክራት» ከዲክታተር በምን ይለያሉ?

ሦስቱም ከግሪክ የመጡ ናቸው፤ እያንዳንዱም መነሻው ሌላ ነው።

«ቲራኖስ» ግሪኮች ራሳቸው ከሌላ ሕዝብ የተዋሱት ቃል ይመስላል፤ ምናልባት ከታናሽ እስያ። በ7ኛው መቶ ዓመት ከክ.ል.በ. የተጻፈ ግጥም የልድያውን ንጉሥ ጊጌስን ከዚህ ዓይነት ሥልጣን ጋር ያነሣዋል። ቃሉ መጀመሪያ ላይ የሚያመለክተው ሥልጣኑን በውርስ ወይም በሕግ ሳይሆን በራሱ ኃይል ያገኘን ሰው ነው፤ ክፉ መሆኑን አይደለም። የአቴናው ጴይሲስትራጦስ ቲራኖስ ነበር፤ ሆኖም ለድኻ ገበሬዎች ብድር በመስጠትና የአገሩን ሕጎች ባብዛኛው እንዳሉ በመተው ይታወሳል። ቃሉን የግፈኛ ገዥ ስም ያደረጉት በተለይ በ4ኛው መቶ ዓመት ከክ.ል.በ. የነበሩት ፈላስፎች ናቸው፤ አርስጣጣሊስ ንጉሥን ለተገዦቹ ጥቅም የሚገዛ፣ ቲራኖስን ለራሱ ጥቅም የሚገዛ አድርጎ ለያቸው። ስለዚህ ታይራንት የሚያመለክተው የገዥውን ጠባይና የሥልጣኑን አመጣጥ ነው።

«ዴስፖቴስ» የቤት ጌታ ማለት ነው፤ በባሪያዎቹ ላይ የሚያዝ ባለቤት። ግሪኮች ነጻ ሰዎችን እንዲህ የሚገዛ ሰው አገርን እንደ ቤቱ፣ ሕዝብን እንደ ባሪያዎቹ ይቆጥራል ብለው ያወግዙት ነበር። ይኸው ቃል በቢዛንታይን ዘመን ፊቱን ቀይሮ ከ12ኛው መቶ ዓመት ጀምሮ ከንጉሠ ነገሥቱ ቀጥሎ ያለ የክብር ማዕርግ ሆነ፤ እስከ 1460 ድረስ በደቡብ ግሪክ የሞርያ ዴስፖቶች ይገዙ ነበር። በግሪክ ኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያን ጳጳስ እስከ ዛሬ «ዴስፖታ» ተብሎ በአክብሮት ይጠራል። በምዕራብ አውሮፓ ግን ሞንቴስኪዩ በ1748 መንግሥታትን ሪፐብሊክ፣ ንጉሣዊና ዴስፖታዊ ብሎ ሲከፍል ዴስፖትነትን በፍርሃት የሚቆም አገዛዝ አደረገው፤ አሁን የምንሰማው ትርጉምም የእርሱን መንገድ የተከተለ ነው።

«አውቶክራቶር» በራሱ የሚገዛ፣ የበላይ የሌለው ማለት ነው። ይህ ከሦስቱ ለዲክታተር ይበልጥ የሚቀርበው ነው፤ አቴናውያን በ415 ከክ.ል.በ. ወደ ሲሲሊ የላኳቸውን የጦር አዛዦች እቤት ያለውን ሸንጎ ሳይጠይቁ እንዲወስኑ በዚህ ቃል ሾመዋቸው ነበርና። በኋላ የሮማ ንጉሠ ነገሥት ግሪክኛ ስም ሆነ፤ የሩሲያ ጻሮችም ቃሉን በስላቭኛ ተርጉመው «ሳሞደርዤትስ» ተባሉ። በ1906 በሩሲያ መሠረታዊ ሕግ ሲወጣ የጻሩ ሥልጣን «ገደብ የሌለው» መባሉ ተሰረዘ፣ «አውቶክራሲያዊ» መባሉ ግን እንዳለ ቆየ፤ የሕግ ዐዋቂዎቹ ምን ለውጥ እንደ መጣ ለመስማማት ተቸግረው ነበር።

ፍጹም ሥልጣን ያለው ንጉሥ ዲክታተር ሊባል ይችላል?

በጥንቃቄ ለሚጽፍ ሰው አይባልም። ንጉሥ ሥልጣኑን የሚያገኘው በዘር ሐረግና በቅባት ነው፤ ከእርሱ በኋላ ማን እንደሚቀመጥም ባብዛኛው ይታወቃል። ዲክታተር ግን ከሪፐብሊክ ውስጥ ወይም ከፈረሰ ሪፐብሊክ ፍርስራሽ የሚወጣ ሰው ነው፤ ወራሽ የመሾም ልማድ የለውም፣ ከሞተ በኋላ የሚመጣው ሽኩቻም ብዙ ጊዜ ከዚህ ይነሣል።

ቃሉ በአዲሱ ዘመን መቼ ተመልሶ መጣ?

በ19ኛው መቶ ዓመት በአብዮት የተነሡ ሰዎች ከሮማ ታሪክ ወስደው በኩራት ተጠቅመውበታል። የፔሩ ኮንግረስ በየካቲት 1824 ሲሞን ቦሊቫርን ዲክታተር ብሎ ሾመው፤ ጁሴፔ ጋሪባልዲ በግንቦት 1860 ሲሲሊ ላይ ሲወርድ በንጉሥ ቪቶርዮ ኤማኑኤለ ስም የሲሲሊ ዲክታተር መሆኑን ዐወጀ፤ በዚያው ዓመት ሥልጣኑን ለንጉሡ አስረክቦ ካፕሬራ ወደምትባል ደሴቱ ሄደ። የሮማው ትርጉም ገና አልሞተም ነበር ማለት ነው። በፓራጓይ ግን ሆሴ ጋስፓር ሮድሪጌስ ደ ፍራንሲያ በ1814 ጠቅላይ ዲክታተር፣ በ1816 ደግሞ የዕድሜ ልክ ዲክታተር ተባለ፤ እስከ ሞተበት እስከ 1840 ድረስም ገዛ። የቄሣርን መንገድ በአጭሩ የደገመ ነው።

የ20ኛው መቶ ዓመት መሪዎች ራሳቸውን ዲክታተር ይሉ ነበር?

ዋና ዋናዎቹ አይሉም ነበር። ሙሶሊኒ «ዱቼ» ይባል ነበር፤ መሪ ወይም የጦር አለቃ ማለት የሆነው የላቲኑ «ዱክስ» ነው። የፓርቲው ምልክት ግን የዲክታተሩ አጃቢዎች ይሸከሙት የነበረው የበትር ነዶና መጥረቢያ ነበር፤ ፋሺዝም የሚለው ስምም ከዚያ ነዶ የወጣ ነው። ሂትለር «ፊውረር»፣ ፍራንኮ «ካውዲዮ» ይባሉ ነበር፤ ሁለቱም መሪ ማለት ናቸው። ስታሊን ለረጅም ጊዜ የያዘው ዋና ሥልጣን የፓርቲ ዋና ጸሐፊነት ነበር። ዲክታተር የሚለውን ስም የሰጧቸው ተቃዋሚዎቻቸውና የሩቅ ታዛቢዎች ናቸው፤ ቃሉም በዚህ መንገድ ማዕርግ መሆኑ ቀርቶ ክስ ሆነ።

በጀርመን መጋቢት 23 ቀን 1933 የጸደቀው፣ መንግሥት ያለ ምክር ቤቱ ሕግ እንዲያወጣ የፈቀደው ሕግ የአራት ዓመት ገደብ ተጽፎበት ነበር። በ1937 ታደሰ፤ ከዚያም ደጋግሞ ታደሰ። በወረቀት ላይ የሮማው ሥርዓት ጥላ አለ፤ የጠፋው ቀኑ ሲደርስ ሥልጣኑን የሚቀበል አካል ነው።

«የወዝ አደሩ አምባገነንነት» የሚለው አነጋገርስ?

ካርል ማርክስ ይህን አነጋገር በ1850ዎቹ መጀመሪያ ሲጠቀም፣ ቃሉ በአንባቢዎቹ ጆሮ ገና ጊዜያዊ ሥልጣን የሚል የሮማ ሽታ ነበረው፤ እርሱም ወደ መደብ አልባ ኅብረተሰብ የሚያሻግር የሽግግር ወቅት አድርጎ ነው ያቀረበው። በሥራ ላይ ሲውል የሽግግሩ ማብቂያ ያልተወሰነ መሆኑ ግን ሌላ ጉዳይ ነው። በአማርኛ ሲተረጎም ያ የሮማ ሽታ ሙሉ በሙሉ ጠፍቷል።

በአማርኛ «ዲክታተር» ወይስ «አምባገነን» ማለት ይሻላል?

እንደ ጉዳዩ ነው። «አምባገነን» በሚለው ውስጥ «አምባ» እና «ገነነ» በግልጽ ይታያሉ፤ በአምባው ላይ የገነነ፣ ከልካይ የሌለው ሰው የሚል ስሜት ይሰጣል። ወቀሳው በቃሉ ውስጥ ስላለ ለዘመናዊው ትርጉም በጣም ይስማማል፤ ኪንኪናቶስን አምባገነን ማለት ግን ስሕተት ብቻ ሳይሆን አንባቢን ማደናገር ነው። ስለ ሮማ ሲጻፍ «ዲክታተር» የሚለውን እንዳለ መተው፣ ስለ ቅርብ ዘመን ሲጻፍ «አምባገነን» ማለት ያስማማል። «ፈላጭ ቆራጭ» ደግሞ የሥልጣኑን ልክ እንጂ ዓይነቱን አይገልጽም፤ ንጉሥንም፣ ጻርንም፣ የሮማውን ዲክታተርንም ሊገልጽ ይችላል፣ በተለይ የመጥረቢያውን ነገር ላስታወሰ ሰው።

አጻጻፉስ «ዲክታተር» ነው ወይስ «ዲክታቶር»?

ሁለቱም ይገኛሉ። «ዲክታቶር» ለላቲኑና ለጣሊያንኛው ድምፅ ይቀርባል፤ «ዲክታተር» ደግሞ በጽሑፍ የተለመደ ነው። «ዲክቴተር» የሚለው የእንግሊዝኛውን አነባበብ የተከተለ ነው። አንዱን መርጦ በአንድ ጽሑፍ ውስጥ ሳይቀያይሩ መጠቀም በቂ ነው፤ ለአገዛዙ ስም «ዲክታተርነት» የሚለው የአማርኛ ቅጥያ ከ«ዲክታተርሺፕ» ይልቅ ለዐረፍተ ነገር ይመቻል።